ለሰፈር ፕሮጀክት ፈንድ የምትፈልጉ ከከተማው ዳር ያላችሁ ይቺን አንብቡ

ሰሞኑን ከኮዬ ፈጬም ከየካ አባዶም ከአራብሳም ሰው እየደወለ "ያንን ፈንድ እንዴት ነው ያገኛችሁት" ይለኛል፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ማስረዳት ካርድም ጉሮሮም ስለጨረሰብኝ የማውቀውን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለው። እኔ ቱሉ ዲምቱ የእድር ጸሐፊ ነኝ እንጂ የኤንጂኦ ባለሙያ ምናምን አይደለሁም። ሶስት ፕሮፖዛል አስገብተን ሁለቱ ወድቀው ሶስተኛው አልፏል፣ ያለፈው የቀን ስራ የሚሰሩ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ማቆያ ነው። ስለዚ እዚህ የምለው ግማሹ ከወደቁት የመጣ ነው።

1. ደብተር ይዛችሁ ውጡ

ላፕቶፕ ገና አትክፈቱ። የመጀመሪያው ፕሮፖዛላችን "በአካባቢያችን ድህነት ስር የሰደደ በመሆኑ" ብሎ ነበር የሚጀምረው፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ድህነት አውርተን አንድም ሰው አልቆጠርንም። ይሄን አረፍተ ነገር ከካራቆሬ እስከ ለገጣፎ ማንም ሊጽፈው ይችላል፣ ገምጋሚውም እንደዚ አይነት ሲያነብ ነው የሚውለው።

ከዛ ብልጥ የሆንን መስሎን የእድሩን መዝገብ አወጣን። ድሃው ማን እንደሆነ እድር ያውቃል አይደል? አያውቅም እኮ! መዝገቡ ላይ ያለው በየወሩ መክፈል የቻለ ሰው ነው። ተከራዩ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ሳይት ላይ የሚያድረው የቀን ሰራተኛ፣ ከአረብ ሀገር ባዶ እጇን ተመልሳ ዘመድ ቤት የተጠጋችው ልጅ፣ መሃል ከተማ ቤቱ ፈርሶ እዚህ ሲመጣ የድሮ እድሩ እዛው የቀረበት ሽማግሌ፣ አንዳቸውም መዝገቡ ላይ የሉም። ዶነሮቹ (ገንዘብ ሰጪዎቹ) "ሶሻል ኤክስክሉዥን" የሚሉት ነገር እኛ ሰፈር ሲደርስ ይሄ ነው፣ ለቅሶህ ላይ ድንኳን የሚተክልልህ ሰው ማጣት። መዝገቡን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ትንሽ አፍሬያለው።

ታዲያ ማንን ትጠይቃላችሁ? የብሎኩን ጥበቃ ጠይቁት፣ ማን ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት እንደሚገባ ያውቃል። ባለሱቁን ጠይቁት፣ የዱቤ ደብተሩን ማሳየት የለበትም (የሰው ሚስጥር ነው) ግን ዘይት በብርጭቆ የሚገዛው ቤት ከወር ወር እየበዛ መሆኑን ይነግራችኋል። ከቤት ቤት እየዞሩ ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ጠይቁ። እነዚ ሰዎች ስብሰባ ብትጠሩ አይመጡም፣ ቅዳሜ የምትሰበሰቡ ከሆነ ቅዳሜ እነሱ ስራ ላይ ናቸው፣ ስለዚ እናንተ ናችሁ መሄድ ያለባችሁ።

እያንዳንዱ ቤት ስትደርሱ የምትመዘግቡት ብዙ አይደለም። ስንት ሰው አለ፣ ከሶስት ዓመት በታች ስንት፣ ምን ሰርቶ ይኖራል፣ ስንት ወር ስራ አጥቶ ተቀመጠ፣ የቤት ኪራይ ስንት፣ አካል ጉዳተኛ ወይ የአልጋ ቁራኛ አለ ወይ፣ የወረዳው መታወቂያ አለው ወይ፣ ሴፍቲኔት ውስጥ ገብቷል ወይ፣ እድር እቁብ ማህበር አንዱም ጋ አለ ወይ። መታወቂያውን አትዝለሉት፣ መታወቂያ የሌለው ሰው ወረዳው የሚያከፋፍለው ነገር ሁሉ ሲያልፈው ነው የሚኖረው። ስም ስትጽፉ አስፈቅዱ፣ የልጆች ፎቶ አታንሱ፣ "ብር ሊመጣ ነው" ደግሞ በፍጹም አትበሉ። እኛ ጋ አንዱ ወጣት አፉን አላርፍ ብሎ ተናገረና በሳምንቱ በራችን ላይ ሰልፍ ነበር።

በመጨረሻ "ምን ቢሆንላችሁ ነው የሚሻላችሁ" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። እኛ የስፌት ስልጠና ነበር በሀሳባችን፣ ያው የዚህ ሀገር ፕሮፖዛል ግማሹ የስፌት መኪና ነው፣ ስንቱ መኪና ወረዳ መጋዘን ውስጥ አቧራ እንደሚጠጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። እናቶቹ ግን ሙያ አላጡም፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ያጥባሉ፣ ብሎኬት ይሸከማሉ። ያጡት ልጅ የሚያስቀምጡበት ነው። አንዷ በሩን ከውጭ ቆልፋ ሁለት ልጆች ውስጥ ትታ እንደምትወጣ ነገረችን፣ ስትነግረን ዓይናችንን አላየችም። ፕሮጀክቱ እዛ ጋ ተወለደ።

2. በማን ስም ነው የምታመለክቱት

ገንዘብ ሰጪ ለሰፈር ሰዎች ስብስብ ብር አይሰጥም፣ ህጋዊ ሰውነት ይፈልጋል። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው ገዢው ህግ፣ የ2001ዱን 621ን የተካው። እድርና እቁብ በዚህ አዋጅ ስር አይገቡም፣ ስለዚ የእድር ማህተም ይዞ ኤምባሲ መሄድ ብዙ ጊዜ በር ላይ ያስመልሳል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የራሳችሁን ድርጅት ማቋቋም። በአባላት የሚመራ ማህበር ከሆነ ቢያንስ አምስት ሰው፣ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ከሆነ ሁለትም መስራች ይበቃል። የመስራቾች ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመስራቾች መታወቂያ፣ የድርጅቱ ስምና አላማ ይዛችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የምትሄዱት የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን ነው። ደንቡን ከሌላ ድርጅት ኮፒ አድርጋችሁ ስም ብቻ አትቀይሩ፣ በኋላ ዶነሩ ያነበዋል፣ "ቦርዱ በሶስት ወር አንዴ ይሰበሰባል" ብላችሁ ከጻፋችሁ የአራቱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አምጡ ትባላላችሁ።

ሁለተኛው በአካባቢያችሁ ከሚሰራ የተመዘገበ ድርጅት ጋር መጣመር። እሱ አመልካች ይሆናል፣ እናንተ ስራውን ትሰራላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እኔ ይሄን ነው የምመክረው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ዶነር የሁለት ሶስት ዓመት ልምድና የኦዲት ሪፖርት ይጠይቃል፣ ትናንት የተመዘገበ ድርጅት ይሄ የለውም። ግን ስምምነቱን በጽሁፍ አድርጉት። እኛ መጀመሪያ የተጣመርነው ድርጅት (ስሙ ይቅር) የኛን ደብተር ወስዶ በኛ ዳታ ሌላ ወረዳ ላይ ፕሮጀክት ጽፎበታል፣ ምንም ያልነው ነገር የለም ምክንያቱም ምንም ወረቀት አልነበረንም። ማን ምን ይሰራል፣ ብሩ በየት በኩል ይመጣል፣ ዳታው የማን ነው፣ ከብሩ ስንት ፐርሰንት ለድርጅቱ አስተዳደር ይቀራል፣ ሁሉም ተጽፎ ይፈረም።

3. ድንበሩን እዩ

ይሄ የኛ የዳሮቹ ጣጣ ነው፣ መሃል ከተማ ያለ ሰው አያስበውም። ከመንገዱ ወዲህ አቃቂ ቃሊቲ ወይ ለሚ ኩራ ነው፣ ከመንገዱ ወዲያ ሸገር ሲቲ ነው፣ ማለትም ኦሮሚያ ክልል። ስራችሁ ሸገር ውስጥ ብቻ ከሆነ ምዝገባውም የሴክተር ቢሮ (ስራው የሚመለከተው የመንግስት ቢሮ) ስምምነቱም በክልሉ በኩል ነው፣ ሁለቱም ጋ ከሰራችሁ ደግሞ ወደ ፌዴራል ይመጣል። የድጋፍ ደብዳቤ ከየትኛው ወረዳ እንደሚጻፍ ሳታረጋግጡ ቦታ አትምረጡ።

ስለ ደብዳቤ ካነሳን አይቀር፣ ወረዳው ጋ ቀድማችሁ ሂዱ። ለህፃናት ማቆያ ከሆነ ሴቶች፣ ህፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ነው። ከተማው የራሱ የቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራም አለው፣ የተማሪዎች ምገባም አለ፣ ዶነሩ "ታዲያ እናንተ ለምን አስፈለጋችሁ" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የኛ መልስ ምገባው ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ጋ ነው የሚደርሰው፣ የስምንት ወር ልጅ ጋ አይደርስም የሚል ነበር፣ ወረዳውም ይሄንኑ በደብዳቤ አረጋገጠልን።

4. ማን ጋ ይኬዳል

ትልልቆቹን ለጊዜው እርሷቸው። የአውሮፓ ህብረት ኮል (የማመልከቻ ጥሪ) ሲያወጣ በመቶ ሺዎች ዩሮ ነው የሚያወራው፣ ለኛ አይነቱ የሚመጣው ያንን ያሸነፈ ትልቅ ድርጅት በስሩ ለትናንሾች ሰብ ግራንት (ካገኘው ፈንድ ቆርሶ) ሲያከፋፍል ነው። ስለዚ ትልቁን ማን እንዳሸነፈ ተከታተሉ።

ለጀማሪ የሚሻሉት የኤምባሲ ትናንሽ ፈንዶች ናቸው። የጃፓን ኤምባሲ የግራስሩትስ ሂውማን ሴኪውሪቲ ድጋፍ አለው፣ ፕሮግራሙ በፈረንጅ 1989 የተጀመረ ነው፣ ክፍል መገንባት ውሃ ማስገባት እቃ መግዛት ላይ ጠንካራ ነው ግን ደመወዝና የዕለት ወጪ አይከፍልም። ስለዚ ቤቱን በሱ ሰርታችሁ ሞግዚቷን ማን እንደሚከፍል ማሳየት አለባችሁ። የካናዳው ካናዳ ፈንድ ፎር ሎካል ኢኒሺየቲቭስ ደግሞ ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100 ሺህ የካናዳ ዶላር ይደርሳል (ብዙው ከዛ በጣም ያነሰ ነው)፣ አጭር ጊዜ ነው፣ የነሱ በጀት ዓመት ማርች መጨረሻ ላይ ስለሚዘጋ ስራው ከዛ በፊት ያልቃል፣ የሴቶች ጉዳይ ላይ ትኩረት ያደርጋል። የአውስትራሊያ ኤምባሲም ዳይሬክት ኤይድ ፕሮግራም የሚባል አለው። ዘንድሮ ኮል ወጥቷል አልወጣም የሚለውን ከኤምባሲው የራሱ ገጽ ላይ ብቻ እዩ፣ በቴሌግራም የሚዞረውን ፎርም አትሙሉ። "ለፕሮሰሲንግ ይሄን ያህል ብር ላኩ" የሚል ካያችሁ ሌባ ነው፣ ትክክለኛ ዶነር ለማመልከቻ አያስከፍልም። "ፕሮፖዛል ልጻፍላችሁ፣ ሲያልፍ አስር ፐርሰንት ትሰጡኛላችሁ" የሚለውም ደላላ ያው ነው፣ አስር ፐርሰንቱን በባጀቱ ላይ የት ልትጽፉት ነው?

አንድ ዶነር ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ጥር 12 ቀን 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ይቁም ስትል ብዙም ሳይቆይ ስራ ያቆመ ድርጅት ስንት ነው፣ ዩኤስኤይድም በዛው ቀረ። እኛ ሀገር ውስጥም አለ፣ ባንኮችና ፋብሪካዎች ለማህበራዊ አገልግሎት የሚመድቡት አላቸው፣ ቂሊንጦና ቃሊቲ አካባቢ ያሉት ፋብሪካዎች ሰራተኞቻቸው የኛ ጎረቤቶች ናቸው፣ ይሄን እያነሳችሁ አናግሯቸው። ሲሲአርዲኤ አይነት የድርጅቶች ህብረትም የኮል ወሬ ቶሎ የሚሰማበት ቦታ ነው።

5. አሁን ጻፉ

ብዙዎቹ መጀመሪያ ኮንሰፕት ኖት ነው የሚፈልጉት፣ ሀሳቡን ባጭሩ የሚያሳይ ሁለት ሶስት ገጽ። የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ቦታው፣ ሰዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ችግሩና የምትሰሩት ነገር ይግባ። ለምሳሌ "በቱሉ ዲምቱ ሳይት አራት ቀን ዞረን 43 ቤት አንኳኳን፣ በ27ቱ ከሶስት ዓመት በታች ልጅ ያላትና በቀን ስራ የምትተዳደር እናት አለች፣ 11ዱ ልጃቸውን ቆልፈው ነው የሚወጡት" ስትሉ ገምጋሚው ቁጭ ብሎ ያነባችኋል። ደብተሩ እዚህ ጋ ነው የሚከፍለው፣ ዶነሩ ቤዝላይን (ስራው ሳይጀመር የነበረው ሁኔታ) የሚለውም ያው ደብተራችሁ ነው።

ሎግፍሬም የሚሉት ሰንጠረዥ ሰው ያስፈራል ግን አያስፈራም። ምን ትሰራላችሁ፣ ከሱ ምን ይወጣል፣ ሰዎቹ ህይወት ላይ ምን ይቀየራል፣ መቀየሩን በምን ታውቃላችሁ፣ በቃ። እኛ "30 ልጆች በማቆያው ይውላሉ" ብለን አቆምን መጀመሪያ፣ እሱ የስራ ውጤት እንጂ ለውጥ አይደለም። ለውጡ እናትየው በሳምንት ስንት ቀን ስራ ወጣች የሚለው ነው፣ በፊት ሁለት ቀን ከነበረ ከስድስት ወር በኋላ ስንት ሆነ። እሱን በደብተር ላይ ራሳቸው እናቶቹ ሊመዘግቡት ይችላሉ።

ሰስተይነቢሊቲ (ፈንዱ ሲያልቅ ስራው እንዴት ይቀጥላል) የሚለው ክፍል ላይ አትዋሹ። "ከፕሮጀክቱ በኋላ ማህበረሰቡ ይረከባል" የሚለውን ሺህ ጊዜ አንብበውታል። ማን ይረከባል? በስንት ብር? እኛ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ እናት ለአንድ ልጅ በቀን 20 ብር ትከፍላለች፣ እድሩ ደግሞ አዳራሹን በነጻ ይሰጣል፣ ለ30 ልጅ በ22 ቀን 13,200 ብር በወር ይሆናል፣ ከአራቱ ሞግዚቶች የሁለቱን ደመወዝ ይሸፍናል፣ የቀሩትን ሁለቱን ከሌላ እንፈልጋለን ብለን ጽፈናል። አይበቃም፣ ግን እውነት ነው፣ ገምጋሚዎቹም ያንን ወደዱት።

ቋንቋ ላይ ብዙ አትጨነቁ። በአማርኛ በደንብ ጻፉትና ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የሰፈር ልጅ ይመልሰው፣ የጉግል ትርጉም ብቻ ግን አትላኩ፣ የኛን እድር "ፉነራል ኢንሹራንስ" አድርጎት ሰው ሳቀብን።

6. ባጀት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው 20 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ይላል፣ ግን ፕሮጀክቱ ላይ በቀጥታ የምትሰራ ሞግዚት ደመወዝ የፕሮግራም ወጪ ነው። የኛን በግርድፉ ላሳያችሁ። አዳራሹን ማስተካከልና ሽንት ቤት 380,000፣ ፍራሽ ምንጣፍ ድስት መጫወቻ 140,000፣ አራት ሞግዚት በ6,000 ለ12 ወር 288,000፣ ምግብ ለ30 ልጅ በቀን 50 ብር በወር 22 ቀን ለ12 ወር 396,000። ይሄ 1,204,000 ነው። አስተዳደር ላይ የትርፍ ሰዓት ሂሳብ ሰራተኛ 42,000፣ ስልክና ትራንስፖርትና ባንክ 18,000፣ ኦዲት 40,000፣ ሲደመር 100,000። ጠቅላላው 1,304,000፣ አስተዳደሩ ስምንት ፐርሰንት እንኳን አልሞላም። ኦዲቱን ባጀት ውስጥ ማስገባት ብዙ ሰው ይረሳል ከዛ ከኪሱ ይከፍላል።

የእያንዳንዱን ዋጋ ፕሮፎርማ ከሶስት ቦታ አምጡ፣ ግምት አትጻፉ። የእድሩን ድርሻም በብር ተምኑት፣ የአዳራሹ ኪራይ፣ ወንበሩ፣ የወጣቶቹ የጉልበት ስራ፣ ይሄ የማህበረሰብ መዋጮ ይባላል፣ ክብደት አለው።

የዋጋ ንረትን ግን ከልብ አስቡበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፣ በብር የተፈራረሙ ድርጅቶች ባጀታቸው በእጃቸው ላይ ቀለጠ። ስምምነቱ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ጠይቁ፣ የሚፈቅዱ ከሆነ ለመጠባበቂያ አምስት ፐርሰንት ያዙ፣ ስሚንቶና ቆርቆሮውን መጀመሪያ ግዙ።

7. ስታስገቡ

ሰዓቱ! "12 ሰዓት በብራሰልስ አቆጣጠር" ሲሉ የነሱ ቀትር ማለት ነው፣ እኛ ጋ በክረምታቸው (በብርዳቸው ጊዜ) ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በበጋቸው (በሙቀታቸው ጊዜ) 7 ሰዓት ነው። ጓደኛዬ የኛን 12 ሰዓት መስሎት ማታ ላከ፣ ሲስተሙ ከተዘጋ ብዙ ቆይቷል። እናንተ ከሁለት ቀን በፊት ላኩ፣ እኛ ሰፈር መብራትና ኔትወርክ በዴድላይን ቀን ነው የሚጠፉት።

ካለፋችሁ ዱ ዲሊጀንስ ይመጣል፣ ማለት የድርጅታችሁን ጓዳ ያያሉ። ሰርተፊኬት፣ ቲን ነምበር፣ የባንክ ሂሳብ በድርጅቱ ስም፣ ሁለት ፈራሚ፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ፣ የግዢና የፋይናንስ ማንዋል። ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዧ ባልና ሚስት ከሆኑ አሁኑኑ ቀይሩ። ስራ ከመጀመሩ በፊት ከሴክተር ቢሮው ጋር የፕሮጀክት ስምምነት መፈራረምም አለ፣ እሱ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ከዶነሩ ጋር የስራ መጀመሪያ ቀን ስትነጋገሩ አስሉት።

8. ብሩ ከገባ በኋላ

ለብቻው የባንክ ሂሳብ ክፈቱለት፣ ከእድሩ ብር ጋር አይቀላቀል። ለእድሩ ለቅሶ "እስከ ሰኞ ልንበደር" የሚል ይመጣል፣ እምቢ በሉ፣ ጋሼም ቢሆኑ እትዬም ቢሆኑ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ አልተወጣም ማለት ነው። አሸዋ የሚያወርደው ልጅ ደረሰኝ የለውም፣ ለሱ የክፍያ ቅጽ አዘጋጁ፣ ስም ቀን የሰራው ስራ የተከፈለው ብር ፊርማ ወይ አሻራ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ቀለሙ ይጠፋል፣ በዛው ቀን ኮፒ አድርጉት። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ብር ማዘዋወር ካስፈለገ ከማውጣታችሁ በፊት በኢሜይል አስፈቅዱ፣ በስልክ "እሺ" ያለው ሰው ሪፖርት ሲደርስ ስራ ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ባጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነና የዶነሩ ዲሴምበር ከሆነ ሁለት ሪፖርት ነው የምትሰሩት፣ ሂሳብ ሰራተኛዋን ከመጀመሪያው ንገሯት።

9. ከወደቀ

"እናዝናለን" የሚለው ኢሜይል ሲመጣ ሁለት መስመር ጽፋችሁ የት ጋ ነጥብ እንደጎደላችሁ ጠይቁ። ሁሉም አይመልስም፣ ሁለተኛው ላይ ግን መለሱልን፣ ተጠቃሚዎቹ ውሳኔ ላይ የት አሉ ነው ያሉት፣ ኮሚቴያችሁ ውስጥ ሰባት ሰው አለ ሰባቱም የእድር አመራር ነው። እውነታቸውን ነበር። ሶስተኛውን ስናስገባ ከሰባቱ ሶስቱ ራሳቸው እናቶቹ ነበሩ፣ አንዷ ያቺ በሩን ከውጭ ቆልፋ የምትወጣው ናት፣ አሁን የማቆያው ገንዘብ ያዥ እሷ ነች።